ዘይቱ የታየበት ቦታና ዘይቱ የመጣበት ቦታ

(በምሥራቅ አዲስ አበባ ለጉባኤያት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባ ስለ ውኃ ጕድጓድ ወይም ስለ እህል ማከፋፈል እንደምንናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኛ ግን የመረጥነው ርእስ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰው በገዛ እጁ የሠራው አይሮፕላን የማረፊያ እግሩ ሲሊንደር ዘይት ሲያፈስ ጥፋቱ እንዴት ይፈለጋል የሚል ነው። ርእሱ ከሥራችን የራቀ ይመስላል። ነገር ግን በእጃችን አንድ ልጅ ሊጎዳ ለጥቂት የተረፈበትን፥ እኛም ያለ ጥፋቱ ልንፈርድበት የተነሣንበትን ቀን ሳንነግራችሁ ብንቀር ሥራችንን የደበቅን ይሆንብናል።

እንደምታውቁት በገርጂ በኩል ባለው ግቢያችን ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች የጋራዥ ሥራ ይማራሉ። ግቢው ለቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ስለ ሆነ ድምፁ ሲያይል መምህሩ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ፤ ተማሪዎቹም ቀና ብለው ያያሉ። አንድ ቅዳሜ አንዲት ተማሪ፥ «ጋሼ፥ ያ እግሩ እንዴት ነው የሚታጠፈው? ደግሞስ ሳይዘረጋ ቢቀር ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ ብዙ ዘመን በሃይድሮሊክ ሥራ ያሳለፉ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ጥያቄውን ቸል አላሉትም፤ የዚያን ቀኑን ትምህርት ትተው ስለ አይሮፕላን እግር አስተማሩ።

አስቀድመው የነገሩአቸው የአገራችንን ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በዚችው በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠሩ። ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በጦርነቱ ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በዚያ አገር ሙዚየም ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በእኛም ዘመን አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከቪዲዮ እየተማሩ በራሳቸው እጅ አንዲት አይሮፕላን ሠሩ። ሥራው 570 ቀን ፈጅቷልና ኬ-570ኤ ብለው ሰየሟት፤ ወሬያቸውም በ2008 ዓ.ም. በዓለም ተሰማ።

የሁለቱም አይሮፕላኖች እግር የማይታጠፍ ነው። ጎማው ከመነሻ እስከ ማረፊያ ድረስ ወጥቶ ይቆያል። ይህ ለጀማሪ ሠሪ ጥበብ ነው፤ የማይታጠፍ እግር ሳይዘረጋ አይቀርምና። በውጭ አገር ግን በየቤታቸው አይሮፕላን ከሚሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ፍጥነት ይፈልጋሉ። ወጥቶ የሚቀር ጎማ ነፋሱን ስለሚጋፋ እንደ ላንኬርና እንደ ግላስኤር ባሉት አይሮፕላኖች እግሩን በሃይድሮሊክ ያጥፉታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የያዘው ዲሲ-3 እግሩ በሃይድሮሊክ የሚታጠፍ ነበር። ስለዚህ ይህ ሥራ ለከተማችን እንግዳ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ወፍራም ቧንቧ ነው። በውስጡ ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ የወጣው ዘንግ ከአይሮፕላኑ እግር ጋር ይያያዛል። ፓምፑ ዘይቱን በአንድ ወገን ሲያስገባ ዘንጉ ይወጣል፤ በሌላው ወገን ሲያስገባ ይገባል። ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው፤ ይህንንም በጋራዥ ቋንቋ ጎሚኒ እንለዋለን። አንዱ ጎሚኒ በፒስተኑ ዙሪያ ይቀመጣል። ሁለተኛው ዘንጉ በሚወጣበት አንገት ላይ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደሩ በክዳን በሚዘጋበት ቦታ ይገኛል።

የዚህን ትንሽ ቀለበት ሸክም ለማወቅ ስሌት እንሥራ። በትንንሾቹ አይሮፕላኖች ግፊቱ ብዙ ጊዜ በካሬ ኢንች 1,000 ፓውንድ ያህል ነው፤ ይህም በካሬ ሳንቲ ሜትር 70 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። የፒስተኑ ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ፊቱ ወደ 12.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ ከ870 ኪሎ ግራም በላይ ይመጣል፤ ወደ 9 ኩንታል የሚጠጋ ጉልበት ነው። በራሳችን ላይ በሚያልፉት በብዙዎቹ ትልልቅ ጄቶች ግፊቱ 3,000 ፓውንድ፥ በቦይንግ 787 ደግሞ 5,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ይደርሳል። ያን ሁሉ የሚይዘው ግን ያው ቀለበት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው ነገሩ የደረሰብን። የፕሮጀክታችን ፒክአፕ መኪና በሃይድሮሊክ ክሪክ ተነሥታ አንድ ተማሪ ከሥሯ ገብቶ ይሠራ ነበር። ክንዱን ከወጣ ጥቂት እንኳ ሳይቆይ ክሪኩ በዝግታ ወረደ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ካለች በኋላ መምህሩ ሁልጊዜ ከሥር እንዲደረግ የሚያስገድዱት ታኮ እንጨት ያዛት። ማንም አልተጎዳም። ሁላችንም ግን ፊታችን ጠቆረ።

ያን ክሪክ ከአንድ ወር በፊት ፈትቶ ዘይቱን የቀየረው ይኸው ልጅ ነበር። ስለዚህ ወዲያው ተቆጣነው። «አላጠበቅኸውም! ቸኩለህ ነው የገጠምኸው!» አልነው። ከክፍሉም እንዲወጣ ልንወስን ቢሮ ገብተን ተነጋገርን። ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ እጁን ያያል። መምህሩ ግን ወደ ቢሮአችን መጥተው፥ «ልጆቼ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት ዘይቱ ከየት እንደ መጣ እንይ» አሉን። ከዚያም ተማሪዎቹን ሰብስበው የአይሮፕላኑን ትምህርት በክሪኩ ላይ ቀጠሉት። የሁለቱ ሲሊንደር ሕግ አንድ ነውና። ያስተማሩንን በተራ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ደረጃ የሰው ደኅንነት ይቀድማል። አይሮፕላኑ እግሩ እየታጠፈ ሊመረመር ሲነሣ በጽኑ ድጋፍ ላይ መሆን አለበት፤ እግሩ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ሰው አይቆምም። ማንኛውም መጋጠሚያ ከመፈታቱ በፊት ግፊቱ ይለቀቃል። የሚያፈስ ቦታ ከቶ በእጅ አይዳሰስም። ከመርፌ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ጣትን ወይም እጅን ሊያሳጣ ይችላልና ወዲያው ወደ ሐኪም ያስኬዳል። የሚረጭ ዘይት ካለ የሚፈተነው በረጅም እንጨት ላይ በተያዘ ካርቶን ነው።

ሁለተኛው ማጽዳት ነው። ብዙ ሰው ዘይት ያየ እንደ ሆነ መፍቻ ያነሣል። መምህሩ ያነሡት ግን ጨርቅ ነው። ዘይት በስበት ወደ ታች ይወርዳል፤ በበረራ ጊዜ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የተንጠለጠለበት ቦታ መንገዱ ያለቀበት እንጂ የተጀመረበት አይደለም። ሲሊንደሩ፥ ቱቦውና መጋጠሚያው ሁሉ ተጠርጎ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ እግሩ ጥቂት ጊዜ ይታጠፋል፥ ይዘረጋል፤ በመጨረሻም በግፊት ሥር ይተዋል። በመብራት እያዩ መጀመሪያ የሚረጥበውን ቦታ መጠበቅ ነው።

በክሪካችንም ይህ ታየ። ወለሉ የረጠበው ከመልቀቂያው ቡለን በታች ስለ ነበር ሁላችንም ልጁ ቡለኑን አላጠበቀውም ብለን ነበር። ክሪኩ ተጠርጎ፥ ታኮ ተደግፎበት፥ ሰው ሳይጠጋው እንደ ገና ሸክም ሲደረግበት ግን ቡለኑ ደረቅ ሆኖ ቆየ። መጀመሪያ የረጠበው ላይኛው የዘንጉ አንገት ነው። ዘይቱ ከዚያ በጀርባ በኩል እየወረደ ከቡለኑ ሥር ይጠራቀም ነበር። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ከግድግዳው ተላቆ ጠጋ አለ።

ሦስተኛው የውጭን ማፍሰስ ከውስጥ ማፍሰስ መለየት ነው። የውጩ በዓይን ይታያል፤ ወይ ከመጋጠሚያው፥ ወይ ከዘንጉ አንገት፥ ወይ ከክዳኑ ይወጣል። ዘንጉ ላይ እንደ ላብ ያለ ስስ ቅባት መኖሩ ጥፋት አይደለም፤ ጎሚኒው የሚለሰልሰው በእርሱ ነውና። ቅባቱ ተጠራቅሞ ጠብታ ከሆነ ግን ማፍሰስ ነው። መጋጠሚያው ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። ያለ መጠን ማጥበቅ የቱቦውን አፍ ይሰነጥቃል፤ ጥቂት ያንጠባጥብ የነበረውን ጨርሶ እንዲያፈስ ያደርገዋል።

የውስጡ ማፍሰስ የበለጠ ያታልላል፤ ወለሉ ደረቅ፥ የዘይቱም መጠን ሙሉ ነውና። ዘይቱ ከሲሊንደሩ አልወጣም፤ ከፒስተኑ አንዱ ወገን ወደ ሌላው አልፏል እንጂ። በአንዳንድ የቤት ሥራ አይሮፕላኖች የታጠፈውን እግር ወደ ላይ የሚይዘው የዘይቱ ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ራሱ ተነሥቶ ይሞላዋል። እንግዲህ አብራሪው በበረራ ላይ ሳለ ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ሲነሣ ቢሰማ ይህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው።

የውስጡም መፈተኛ አለው። ፒስተኑ እስከ መጨረሻ ጫፍ ይገፋል፤ ግፊቱ ይለቀቃል፤ ከዚያ ግፊት የሌለበት ወገን ቱቦ ተፈትቶ አፉ ወደ ንጹሕ ዕቃ ይደረጋል። በሌላው ወገን እንደ ገና ግፊት ሲሰጥ ከተፈታው አፍ ጥቂት የቀረ ዘይት ወጥቶ ቢያቆም ፒስተኑ ደኅና ነው። ሳያቋርጥ ቢወጣ ግን የፒስተኑ ጎሚኒ አልያዘም ማለት ነው። ሲሊንደሩ ደኅና ሆኖ ግፊቱ አሁንም የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ በሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ በፓምፑ ውስጥ ያለው መላሽ ቫልቭ ቆሻሻ ይዞት ይሆናል፥ ወይም ለአደጋ ጊዜ እግሩን በራሱ ክብደት የሚያወርደው ቫልቭ በሚገባ አልተዘጋ ይሆናል። ይህን ሳይፈትኑ ደኅናውን ሲሊንደር መፍታት አዲስ ጥፋት መፍጠር ነው።

የአየሩንም ጠባይ መርሳት አይገባም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፥ ቀኑ ይሞቃል። ያረጀ ጎሚኒ በብርድ ይደርቅና ይኰማተራል፤ ማለዳ ያፈሰሰው በቀትር ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ በቀትር ተፈትኖ «ድኗል» የተባለው ሲሊንደር በማግስቱ ማለዳም መታየት አለበት።

አራተኛው ዋነኛው ነው። የሚያፈሰው ሲሊንደር ተፈትቶ ጎሚኒው ሲወጣ ብዙ ሰው አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ያስገባል። መምህሩ ግን አሮጌውን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው፥ «ይህ ምስክራችን ነው፤ ቃሉን ሳንሰማ አንጥለውም» አሉ። ተማሪዎቹም ጎሚኒ የሚናገረውን ማንበብ ተማሩ።

በአንድ ቦታ ብቻ በስለት እንደ ተነካ የተቆረጠ ከሆነ ሲገጠም በጥርሱ ላይ ተጐትቷል። መድኃኒቱ ጥርሱን በስስ ፕላስተር ሸፍኖ፥ ጎሚኒውንም ሲሊንደሩ በሚሠራበት በዚያው ዘይት አርሶ ማስገባት ነው። ክብነቱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ከሆነና ከደረቀ አርጅቷል። ጠርዙ እንደ ተነከሰ የተቦጫጨቀ ከሆነ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል፤ ወይም ከግፊቱ በተቃራኒ ወገን መቀመጥ የነበረበት ደጋፊ ቀለበት ተረስቷል። በዙሪያው ጭረት ካለ በዘይቱ ውስጥ አሸዋ ወይም የብረት ፍቅፋቂ አለ፤ ያን ጊዜ የሲሊንደሩም ግድግዳ ይመረመራል። ዘንጉ ዝገት ከነደለው አዲስ ጎሚኒ ብናስገባበትም እንደ ሞረድ ይበላዋል። በአንድ ጐን ብቻ ከተበላ ደግሞ ሲሊንደሩ የተሰቀለው ጠማማ ሆኖ ነው። ይህ የመጨረሻው ሰው በራሱ እጅ በሠራው አይሮፕላን ላይ በተለይ ሊፈተሽ ይገባል፤ መያዣዎቹን ለክቶ የበሳቸው ሠሪው ራሱ ነውና። መያዣው ሳይቃና ጎሚኒ መቀያየር ማለቂያ የለውም።

የእኛ ክሪክ ጎሚኒ ግን ከእነዚህ አንዱንም አልመሰለም። አብጧል፤ እንደ ተነከረ ዳቦ ለስልሷል፤ በጥፍር ሲነካ ይላጣል። መምህሩ ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያም ልጁን ጠርተው፥ «ዘይቱን ከየት ቀዳህ?» አሉት። ልጁም፥ «ከመጋዘን ነው፥ ጋሼ። የክሪክ ዘይት ስጡኝ ብዬ ከመደርደሪያው ያለውን ቆርቆሮ ሰጡኝ» አለ።

ቆርቆሮውን አስመጣነው። ከእርዳታ የተረፈ የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ስለ ምግብ ዘይት እንጂ በውስጡ ስላለው ነገር አይደለም። ውስጡ የነበረው የፍሬን ዘይት ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ በትልቅ ዕቃ ገዝተን በየቆርቆሮው የገለበጥነው እኛ ነን። ምልክት ሳንጽፍበት የተውነውም እኛ ነን። «ያው ዘይት ነው» ብሎ የሰጠውም ከእኛ አንዱ ነው። ልጁ ቡለኑን በሚገባ አጥብቆ፥ የታዘዘውን ሠርቶ ነበር።

ይህ ነገር በአይሮፕላን ላይ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መምህሩ አስረዱን። በሃይድሮሊክ ሥራ «ዘይት» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው ዘይት ነው፤ ለአይሮፕላን የሚሠራው ቀይ ቀለም አለው። ትንንሾቹ አይሮፕላኖች በዚህ ይሠራሉ፤ የሚስማማውም ናይትራይል የተባለው ጎማ ነው። ሁለተኛው በቀላሉ እሳት እንዳይዘው ተብሎ በኬሚካል የተሠራው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነው፤ በትልልቅ ጄቶች የሚገኘው እርሱ ሲሆን ሌላ ዓይነት ጎማ ይፈልጋል። ሦስተኛው የተለመደው የመኪና ፍሬን ዘይት ነው፤ እርሱም ኬሚካል እንጂ የነዳጅ ዘይት አይደለም፥ ከአየሩም ርጥበት ይስባል። የአንዱ ጎማ በሌላው ዘይት ውስጥ ሲገባ ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ በመጨረሻም ይቀደዳል። የከፋው ነገር ይህ በዚያኑ ቀን አለመታየቱ ነው። መጀመሪያ ያበጠው ጎሚኒ ይበልጥ የያዘ ይመስላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ድንገት ይለቃል። እኛም አንድ ወር ደኅና መስሎን ሠርተንበታል።

በቀለም ብቻ መታመን እንደማይገባም ነገሩን፤ ቀለም በጊዜና በሙቀት ይደበዝዛልና። የሚታመነው አይሮፕላኑን ወይም ሲሊንደሩን የሠራው ሰው በመጽሐፉ የጻፈው ቃልና በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የተሳሳተ ዘይት የገባ እንደ ሆነም አፍስሶ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ ሥርዓቱ ሁሉ ይታጠባል፥ የነካቸው ጎሚኒዎችም ሁሉ ይለወጣሉ።

አምስተኛው ጥገናው ካለቀ በኋላ ያለው ፈተና ነው። አዲስ ጎሚኒ ሲገባ አየር አብሮ ይገባል። አየር ደግሞ ይጨመቃል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፥ በእኩልም አይዘረጋም። ስለዚህ አየሩ እስኪወጣ ድረስ እግሩ በድጋፉ ላይ ደጋግሞ ይታጠፋል፥ ይዘረጋል፤ የዘይቱም መጠን ይታያል። ከዚያ በግፊት ሥር ብዙ ሰዓት ይተዋል። በመጨረሻም ፓምፑ ጠፍቶ ለአደጋ ጊዜ የተሠራው መንገድ ይፈተናል፤ እግሩ በራሱ ወርዶ ቁልፉ ካልያዘ አይሮፕላኑ አይነሣም። ሥራውንም ከሠሪው ሌላ፥ ሥልጣን ያለው መርማሪ አይቶ ይፈርምበታል። ለራሱ የሠራ ሰው ስሕተቱን ለማየት ይቸገራል፤ እኛም ይህን በራሳችን አይተናል።

ወገኖች ሆይ፥ ከዚህ በኋላ ያደረግነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። በዚያው ቅዳሜ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው። በቢሮ ተቆጥተን በግቢ ይቅርታ ብንጠይቅ ተገቢ ነው ብለን አሰብን፤ እርሱ የተዋረደው በጓደኞቹ ፊት ነበርና። ልጁም፥ «እኔም መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሽታው የክሪክ ዘይት አልነበረም» አለ። መምህሩ ይህን ቃል ወደዱት። «እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ የመጋዘኑን ዘይት የምትቆጣጠረው አንተ ነህ» አሉት።

አሁን በመጋዘናችን ምልክት የሌለው ዕቃ የለም። የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ለሌላ ነገር አናውልም። ትርፍ ጎሚኒዎች ከፀሐይና ከሙቀት ርቀው በየፖስታቸው ተቀምጠዋል፤ ዓይነታቸውና ልካቸውም ተጽፎባቸዋል። አንድ ደብተር አለን፤ በእርሱም ምን እንደ ፈሰሰ፥ መጀመሪያ የረጠበው የት እንደ ነበር፥ ጎሚኒው ምን እንደ መሰለ፥ ምን ዘይት እንደ ተሞላ ከነቀኑ ይጻፋል። ታኮ እንጨት ሳይደረግ ማንም ከመኪና ሥር አይገባም፤ ይህን ትእዛዝ ከቢሮ የመጣ ሰው ቢጥሰው ተማሪ እንዲያስቆመው ፈቅደናል።

ከእናንተም የምንለምነው ይህንኑ ነው። በየጉባኤያችሁና በየፕሮጀክታችሁ የውኃ ፓምፕ፥ ወፍጮ፥ መኪናና ጄኔሬተር አለ። በዚህ ሳምንት ወደ መጋዘናችሁ ገብታችሁ በየቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ጠይቁ። ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ከጠፋ አትጠቀሙበት፤ ለብቻው አስቀምጡት፥ ወደ ቦይና ወደ ወንዝም አትድፉት። የሚያፈስ ነገር ካገኛችሁ ከመፍቻው በፊት ጨርቅ አንሡ፤ ከሠራተኛውም ጋር ከመቆጣታችሁ በፊት መጀመሪያ የረጠበውን ቦታ አብራችሁት እዩ።

ስለ አይሮፕላን እግር የጠየቀችው ተማሪ አሁን የሲሊንደር ሥዕል በደብተሯ ትስላለች። በቅርቡ መምህሩን፥ «ጋሼ፥ እኛስ አንድ ቀን እንሠራ ይሆን?» አለቻቸው። እርሳቸውም፥ «መጀመሪያ የማይታጠፍ እግር ያለው ሥሪ፤ ለሁለተኛው አብረን እናስብበታለን» ብለው መለሱላት። ያን ጊዜ ከጎሮ በኩል አንድ አይሮፕላን እግሩን ዘርግቶ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ትምህርቱም እንደ ልማዱ እስኪያልፍ ቆመ። እኛም ከቢሮው ደጃፍ ሆነን ጎማውን አየን።